ለኮሌጅ የተላኩ ሽማግሌዎች

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «ከሌሎች የሚለዩሽን ጠንካራ ጎኖች በአምስት መቶ ቃላት ግለጪ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ካልተባላችሁ ዛሬውኑ ስለት አስገቡ። እኔ ተብያለሁ። ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ደብረ ታቦር ላይ መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ወራት፣ ያውም ስለ ራሴ አንድ ደግ ቃል ተናግሬ በማላውቅበት ዕድሜ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ወላጆቼ ጉና ሥር ገብስና ድንች ያመርታሉ፤ እኔ ከተማ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ምድጃ ብቻ የምታስገባ ክፍል ተከራይቼ እማራለሁ። አባባ በየገበያው ቀን ስንቄን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ስንቄ ድንች ነው። ድንቹ ሲያልቅ ድንች ይጨመርልኛል። ይህን የማነሳው ለማማረር አይደለም፤ ኋላ ስለ ድንች የተናገርኩት ሁሉ ከልቤ፣ ካልሆነም ከሆዴ፣ የወጣ መሆኑን እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ኮሌጅ ኮሌጅ ያሰኘኝም ይኸው ድንች ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ማሳችን ላይ አንድ በሽታ ይወርዳል። ዛሬ አረንጓዴ የነበረው ቅጠል በማግስቱ እሳት የለበለበው መስሎ ጠቁሮ ይገኛል። አንድ ጠዋት አባባ ማሳው ዳር ቆመው ምንም ሳይናገሩ ለረዥም ጊዜ ሲያዩት አየኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልሞትም ብዬ ማልኩ።

ሌላው ምክንያት አያ አዳነ ናቸው። አያ አዳነ የአገራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የድንበር ክርክር ይፈታሉ፣ ሲናገሩ በሬ እንኳ ማመስኳቱን ትቶ ያዳምጣል ይባላል። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሁለት ሰው አስከትለው ቤታችን መጥተው ለልጃቸው ጠየቁኝ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ወሬውን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው፣ እሱንም ከጎረቤት። አባባ «ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስና ያኔ እንነጋገራለን» ብለው መለሷቸው። አያ አዳነም «እንጠብቃለን» ብለው ሄዱ።

ልጁን እንኳ አልጠላውም፤ ጨዋ ነው፣ ድንች ሲቆፍር አንዲቷን በመቆፈሪያው አይወጋም። ነገር ግን ያች «ያኔ» የምትባል ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ አናቴ ላይ ተንጠልጥላ ከረመች። የመልቀቂያ ፈተናውን ደግሞ ስንቱ እንደሚያልፍ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሕንድ አገር ያለ አንድ ኮሌጅ ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ጥቂት ልጆች እንደሚወስድ በሰማሁ ዕለት፣ ይህች ካመለጠችኝ «ያኔ» መጣች ማለት ነው አልኩና ፎርሙን በሁለት እጄ ያዝኩ።

እንግዲህ ወደ አምስት መቶው ቃላት ልመለስ። የእኔን አስተዳደግ ካላወቃችሁ ጭንቁ አይገባችሁም። እቤታችን እንግዳ መጥቶ «ይህች ልጅ እንዴት አድጋለች፣ እንዴት አምሮባታል!» ካለ እማማ ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኧረ ተዉኝ፤ ሰነፍ ናት፣ ድስት ታሳርራለች፣ ስትተኛ ታንኮራፋለች» ይላሉ። ዓይን እንዳይበላኝ ነው። እንግዳው በብዛት ካመሰገነኝ እማማ በብዛት ያዋርዱኛል። እንዲህ ሆኜ ስላደግሁ ጉድለቶቼን በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ ጠንካራ ጎኔን ግን የነገረኝ የለም።

የመጀመሪያውን ድርሰት ጽፌ ለእንግሊዝኛ መምህራችን ለቲቸር ዳንኤል ሰጠሁት። ቲቸር ዳንኤል ከአርባ ምንጭ የመጣ፣ የደብረ ታቦርን ብርድ በሁለት ጃኬትና በአንድ ሹራብ ኮፍያ የሚታገል ሰው ነው። ወረቀቱን አንብቦ ኮፍያውን አወለቀ። ያን ለማድረግ ምን ያህል ማዘን እንዳለበት አስቡት።

«"እኔ እምብዛም ጎበዝ አይደለሁም፣ አንደኛ የምወጣው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው፣ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ ልጆች አሉ" ብለሽ ጽፈሻል» አለኝ። «ይህን የሚያነቡት ሰዎች የሚሻሉትን ልጆች አድራሻ ነው የሚጠይቁሽ።»

ሁለተኛውን ድርሰት በቁጣ ጻፍኩት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ መሪ እንደነበርኩ፣ በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ አርዓያዬን እንደሚከተሉ አብራራሁ። ቲቸር ዳንኤል «ማንን ነው የመራሽው?» አለኝ። የደብተሬን ጠርዝ ማጠፍ ጀመርኩ። «ንገሪኝ እንጂ።» «ዶሮዎች» አልኩ። እውነቴን ነው፤ አምስት ዶሮ ነበሩኝ፤ የትም ብሄድ ይከተሉኝ ነበር። ቲቸር ዳንኤል እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ «በቃ፣ ስለ ድንቹ ጻፊው» አለኝ። ስለ ድንቹ ጻፍኩት፤ እሱም ሰዋስው እያረመልኝ አለቀ። የራሴ ጎበዝነት ግን ውስጡ አንድም ቦታ አልገባም፤ የተመሰገነው ድንቹ ብቻ ነው።

ፎቶው ደግሞ የራሱ መከራ ነበረው። ፎርሙ ነጭ ጀርባ፣ ሁለት ጆሮ የሚታይበት፣ ፈገግታ የሌለበት ይላል። ፎቶ አንሺው ግን እንዲህ ያለ ደረቅ ፎቶ ከእጁ ሊወጣ ክብሩ አልፈቀደለትም። ሳያማክረኝ ከኋላዬ ፏፏቴ፣ ከጎኔ ነጭ መኪና፣ ከራሴ በላይ ሁለት ርግብ ጨምሮ አሳምሮ ሰጠኝ። «ለውጭ አገር ነው ስላልሽኝ ነው» አለ። ደግሞ ተነሣሁ። በሦስተኛው ጊዜ ነጭ ጀርባ አገኘሁ፤ አንዷ ርግብ ግን ትከሻዬ ላይ ቀርታ ነበርና ለአራተኛ ጊዜ ተመለስኩ። ሁሉንም ሰነድ ከኢንተርኔት ቤት በምልክበት ጊዜ ደግሞ መብራቱ ስንት ጊዜ እንደጠፋ አልነግራችሁም፤ ባለቤቱ በመጨረሻ «እህቴ፣ አንቺ ስትገቢ ነው የሚጠፋው» ማለት ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት መጣሁ። ፎርሙ መጨረሻ ላይ «ዘመድ ያልሆኑ፣ ጠባይሽን በቅርብ የሚያውቁ፣ የተከበሩ ሦስት ሰዎች ይመስክሩልሽ» ይላል። በገበያ ቀን ለአባባ እያንዳንዱን ቃል አስረዳኋቸው። እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«ዘመድ መሆን የለበትም?» አሉኝ።

«የለበትም።»

«የተከበረ ይሁን ነው?»

«አዎ።»

«አንደበቱስ?»

«ስለ አንደበት የተጻፈ የለም፣ አባባ።»

«ባይጻፍም ቢኖር አይጠላም» አሉና የድንቹን ጆንያ አውርደው ሰጡኝ። «ተይው፣ እሱን ለእኔ ተይው።»

እኔ ሞኟ ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። ቲቸር ዳንኤልና ሁለት ሌሎች መምህራን ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ አስገባሁ፤ ረሳሁት። አባባ ግን አልረሱትም። አንድ ጊዜ በእሳቸው ቦታ ሆናችሁ እዩት። በአገራችን ከሰው ትልቅ ነገር የፈለገ ሰው ወረቀት አይልክም። ድንበር ሲገፋ፣ ወንድማማች ሲጣላ፣ ሚስት ስትኮርፍ፣ ሙሽራ ሲፈለግ፣ ዘመድ ያልሆኑ የተከበሩ ሦስት ሰዎች ይለመኑና በትራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ፎርሙን ያዘጋጁት ሰዎች የጻፉት ቃል በቃል ይህንኑ ነው። አባባ የኮሌጁን ሰዎች በጣም ጨዋ ሆነው ነው ያገኟቸው።

ከወር በኋላ ስልኬ ላይ መልእክት ደረሰ፤ ለቃለ መጠይቅ ተመርጫለሁ! በክፍሌ ውስጥ ዘለልኩ፤ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ከአልጋው ላይ ወደ አልጋው ላይ ነው የዘለልኩት። ዶክተር ጸዳለ የሚባሉ መራጭ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ረቡዕና ሐሙስ ይጠይቁናል። የእኔ ተራ ሐሙስ ነው። ከመልእክቱ ጋር አንድ የምፈርምበት ወረቀት ነበረ፦ «ተወዳዳሪዋ ራሷም ሆነች ሰው ልካ መራጮችን ለማግባባት ከሞከረች፣ ወይም ስጦታ ካቀረበች፣ ከውድድሩ ትሰረዛለች።» ምን ችግር አለው ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በደስታ ሰክሬ ለአባባ ደወልኩ።

«ትልቅ ሴት ናቸው ወይ?» አሉኝ።

«ዶክተር ናቸው!»

«የት ነው የሚያርፉት?»

የሆቴሉን ስም ነገርኳቸው። ከመንገዱ በየት በኩል እንደሆነም አስረዳሁ። የግቢው በር አረንጓዴ ቀለም መሆኑን ሳይቀር ነገርኳቸው።

ረቡዕ ጠዋት ፀጉሬን ታጥቤ፣ በቤት ቀሚስና በነጠላ ጫማ ሆኜ፣ ግድግዳው ላይ ለሰቀልኳት መስታወት በእንግሊዝኛ ሰላምታ እየሰጠሁ ነበር። አባባ ደወሉ።

«ሽማግሌዎቹ ተነሥተዋል።»

«የማን ሽማግሌዎች?»

«ያንች ናቸዋ! አሁን እኮ ከተማ ሳይገቡ አይቀርም። ቄስ ይሁኔ አሉ፣ አያ ሞላ አሉ፣ አያ አዳነም አሉ።»

«የትኛው አዳነ?»

«ስንት አዳነ ታውቂያለሽ?»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። «አባባ! እሳቸው እኮ ለልጃቸው እየጠበቁኝ ያሉ ሰው ናቸው! ሄደው ክፉ ናት ቢሉስ?»

«ዘመድ አይሆንም አልሽኝ፣ ዘመድ አይደሉም። የተከበረ አልሽኝ፣ በወረዳው የእሳቸውን ያህል የተከበረ የለም። ደጃቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ለሽማግሌነት የተለመነ ሰው እንቢ አይልም፤ እሽ አሉኝ።» ቀጥለውም ጨመሩ። «ባዶ እጃቸውንም አልሰደድኳቸው።»

«ምን አስያዟቸው?»

«ሙክቱን ነዋ።»

ስልኩን ዘጋሁ ማለት አልችልም፤ ከእጄ ወደቀ። ያችን የፈረምኩባትን ወረቀት ሳስባት፣ አባባ አንዲቷንም መስመር ሳይዘሉ ሁሉንም በአንድ ጠዋት ጥሰውልኛል። ሰው ልከዋል፣ ሊያግባቡ ነው፣ ስጦታ አለ፣ ስጦታውም አራት እግር አለው።

በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ባጃጅ ለምኜ መናኸሪያ ደረስኩ፤ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ሦስት ሽማግሌና አንድ በግ ማየቱን ነገረኝ። «ባጃጅ ውስጥ ሙክቱ ይጎዳል ብለው በእግራቸው ሄዱ» አለኝ። በየት በኩል እንደሄዱ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ እያሳየኝ ይስቅ ነበር። መሃል ላይ ዝናብ ጀመረ። አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ለእሱ የሚሆን ጊዜ አልነበረኝም። አረንጓዴው በር ስደርስ አንድ እግሬ ባዶ፣ ፀጉሬ እየተንጠባጠበ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው።

ሽማግሌዎቹ ገብተዋል። ሙክቱ ግን ግቢው ውስጥ ነበር፤ የዶክተሯ መኪና መስታወት ላይ ታስሮ የሆቴሉን አበባ በሰላም ይበላል። በዚህች ቅጽበት በሕይወቴ የሠራሁትን ትልቁን ሞኝነት ሠራሁ። ማስረጃውን ላጥፋ አልኩ። በጉን ፈትቼ ከግቢው ካወጣሁት፣ ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን የመጡ መንገደኞች ይሆናሉ፣ እኔም ፊቴን ታጥቤ ነገ እመጣለሁ። ገመዱን ፈታሁ።

የጉና ሙክት ገብስ እየበላ ያደገ ነው። እኔ ድንች እየበላሁ ያደግሁ ነኝ። ወደ በሩ ጎተትኩት፤ ወደ አዳራሹ ጎተተኝ። የአዳራሹ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገመዱ እጄ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር መልቀቅ እንኳ አልቻልኩም፤ በጉ በሩን በግንባሩ ከፍቶ ገባ፣ እኔም በጉልበቴ ተከትዬው ገባሁ።

ቀና ስል የሆነው ሁሉ ፊቴ ነው። ዶክተር ጸዳለ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው አንድ ክራቫት ያሰረ ተወዳዳሪ ልጅ የጀመረው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ቀርቶበት ፈዟል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው፣ በአንድ መስመር ቆመዋል።

«አባቶቼ፣ እባካችሁ ተቀመጡ» ይላሉ ዶክተሯ፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

«ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እመቤቴ» አሉ ቄስ ይሁኔ።

አያ ሞላ ከሦስቱ ትልቁ ናቸው፤ ሲያንሾካሹኩ ገበያ ድረስ ይሰማል። «ልጅቱ ያችውላችሁ!» ብለው አንሾካሾኩ። «ተነሽ እንጂ አንች! ሰው ፊት ነሽ!»

ተነሣሁ። ዶክተሯ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ፤ እግሬ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ዝርዝራቸውን ገለጡ። «የነገ ተወዳዳሪ ነሽ» አሉ። ከዚያ ያችን ወረቀት አወጡና ከነፊርማዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቧት። በጉ ብቻ ያላምጣል።

«ይህ ስጦታ ነው?» አሉ በጉን እያዩ።

«ኧረ ስጦታ አይደለም» አሉ አያ ሞላ ተቆጥተው። «ሙክት ነው።»

ዓይኔ ላይ ጭጋግ ወረደ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። አባባ ማሳው ዳር ቆመው ታዩኝ፤ እኔም ከጎናቸው፣ የአያ አዳነ ምራት ሆኜ። ይህን ሳስብ አያ አዳነ በትራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡ።

«እመቤቴ» አሉ፣ በዚያ በሬ በሚያስቆም ድምፃቸው። «እኔ የዚችን ልጅ አባት ልጅህን ለልጄ ስጠኝ ብየ ደጁ የቆምሁ ሰው ነኝ። ከለከለኝ። ሁለት ዓመት ተቀይሜ ከረምሁ። ባለፈው ደግሞ መጥቶ ሽማግሌ ሁንልኝ አለኝ። ተለምኘ እንቢ አልልም፤ መጣሁ። አሁን ምን ልበል? ክፉ ናት ካልሁ፣ ለልጄ ክፉ ሚስት ስለምን ከርሜያለሁ ማለት ነው፤ ሞኝነቴን በራሴ አፍ መናገሬ ነው። ደግ ናት ካልሁ ደግሞ ትወስዷታላችሁ፤ ልጄ ባዶውን ይቀራል። መንገዱን ሁሉ ይህንን ሳብሰለስል ነው የመጣሁ።» ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ተናደውብኛልም፣ አዝነውልኛልም። «ደግ ናት። ጎበዝ ናት። ውሰዷት።»

ክራቫት ያሰረው ልጅ ሳያስበው አጨበጨበ። ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አልለየሁም።

«እሷ ናት የላከቻችሁ?» አሉ።

«እሷማ ምን አውቃ!» አሉ አያ አዳነ ተገርመው። «ሽማግሌ የሚላክላት ልጅ መቼ ይነገራታል?»

«ለልጅዎ ሲጠይቋትስ ተነግሯት ነበር?»

«ምን ሲደረግ!»

«ኮሌጅ መግባት ትፈልግ እንደሆነስ የጠየቃት ሰው አለ?»

ሦስቱ ተያዩ። ቄስ ይሁኔ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «አባቷን ጠይቀናል» አሉ።

ዶክተሯ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ አንቺን የጠየቀሽ የለም። እኔ ልጠይቅሽ። ትፈልጊያለሽ?»

መልሱን እያወቅሁት አፌ እንቢ አለኝ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ተብዬ ስለማላውቅ ይሆናል። ከዚያ ግን ወጣ፤ «እፈልጋለሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ አያ ሞላን እንኳ አስደነገጥኩ። ከወጣ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ድንቹ እንዴት እንደሚጠቁር፣ አባባ ማሳው ዳር እንዴት ዝም እንዳሉ፣ ያን በሽታ በአጉሊ መነጽር አይቼ ስሙን እስካውቅ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ተናገርኩ። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ተናገርኩት። አንደኛ የምወጣው በእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሌላው ሲተወው የማልተው ግትር ስለሆንኩ ጭምር መሆኑን ተናገርኩ። «ጎበዝ ነኝ!» አልኩ መጨረሻ ላይ። ቄስ ይሁኔ አማተቡ። አያ ሞላ ዓይን እንዳይበላኝ ወደ ግራም ወደ ቀኝም «ቱ! ቱ!» አሉ።

«አባቶቼ» አልኩ፣ ገመዱን ከእጄ እየፈታሁ። «ዝናብ እየመታችሁ ስለ እኔ መጣችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ግን በጉን ይዛችሁልኝ ሂዱ። የቀረውን እኔ ልናገር።»

ሽማግሌን ሂዱ ማለት በአገራችን ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። እኔ ራሴ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። አያ አዳነ ቅንድባቸውን ሰቅለው አዩኝ፤ ትልቅ ቁጣ ጠበቅሁ።

«ለካ ይችን ነው የከለከለኝ!» አሉ ወደ ቄሱ ዞረው። «ደግ አደረገ። ይች ከእኛ ቤት ብትገባ ፈራጁ እሷ ነበረች።»

ዶክተሯ ወረቀቷን አጥፈው መዝገባቸው ውስጥ ከተቱ። «ያላወቀችውን ነገር እሷ ላይ አልጽፍም» አሉ። «ነገር ግን ይህ በግ አሁኑኑ ከግቢው ሲወጣ ካላየሁ እጽፋለሁ። አንቺ ደግሞ ነገ በሦስት ሰዓት፣ በሁለት ጫማ።» በጉን ለማውጣት ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ሁለት ዘበኞችና ክራቫት ያሰረው ልጅ አስፈልገዋል፤ የልጁን ክራቫት በጉ ቀመሰው።

ሐሙስ በሁለት ጫማ ሄድኩ። ስለ ጠንካራ ጎኔ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አንዴ ከተጀመረ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ እንዲያውም «በቃ፣ በቃ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

መልሱ የደረሰው ክረምቱ ሲገባ ነው። ተቀብለውኛል። ቲቸር ዳንኤል ሲሰማ ሹራብ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረና ጣራ ላይ ቀረበት። አያ አዳነ ደግሞ ለአባባ መልእክት ላኩላቸው፦ ከእንግዲህ እኛ ደጅህ አንመጣም፤ ልጅህ ተምራ ስትመለስ ልጄን ከፈለገች እሷ ሽማግሌ ትላክ፤ እኛም እናስብበታለን።

በቀጣዩ የገበያ ቀን አባባ መጡ። ድንቹን አውርደው በሩ ላይ ቆሙ። የጋቢያቸውን ዘርፍ ይፈትላሉ፣ ይፈታሉ፤ ገብተው አይቀመጡም። ምን ሆኑ ብዬ ፈራሁ።

«እና» አሉኝ፣ ወደ ውጭ እያዩ፣ «ትሄጃለሽ ወይ?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። «አባባ! ይህን ሁሉ ወር ስሮጥ የከረምኩት፣ ሽማግሌ የላኩት፣ በጉ፣ ዝናቡ፤ እንደምሄድማ ያውቁ የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አሉ፣ አሁንም ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ልጠይቅሽ ብየ ነው።»